የ13 ወር ፀሐይ ጎሬ ላይ አይሠራም

ስለ ዘመን አቆጣጠሩ ማውራት የማይወድ ኢትዮጵያዊ እስካሁን አላጋጠመንም። ፈረንጅ 12 ወር አለው፣ እኛ 13 አለን። ይህችን ትርፍ ወር አሽሞንሙነው ገበያ ያወጧት አቶ ሀብተ ሥላሴ ታፈሰ ናቸው። በ1950ዎቹ የአገሪቱን የቱሪዝም መሥሪያ ቤት ሲመሩ ‹‹የ13 ወር ፀሐይ›› የምትል መፈክር ፈጠሩ። መፈክሯም ፖስተር ላይ፣ ፖስት ካርድ ላይ፣ ካናቴራ ላይ እየታተመች ግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል አገለገለች። ጡረታ የወጣችው በ2008 ዓ.ም. ‹‹ምድረ ቀደምት›› ስትተካት ነው። እኛም ያደግነው በእሷ ጥላ ሥር ነው። (ፀሐይ ጥላ ካላት ማለታችን ነው።)

ይህችን መፈክር ጎሬ ላይ ቆሞ የሚያነብ ሰው ግን ሳቁን መቆጣጠር አለበት።

አንድ ሐምሌ ሦስት ሆነን ከአዲስ አበባ ተነሣን። በጅማ ዞረን፣ በደሌን አልፈን፣ ያዩንና ሁሩሙን ተሻግረን መቱ ገባን። 600 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከበደሌ በኋላ ያለውን መንገድ ብዙም አላየነውም፤ የአውቶቡሱ መስኮት በእንፋሎት ተጋርዶ ነበር። በእጃችን ስንጠርገው ዛፍ፣ መልሶ ሲጋረድ ጭጋግ፣ እንደገና ስንጠርገው ሌላ ዛፍ። በማግስቱ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ላይ ወጥተን ጎሬ ደረስን። ማደሪያ የሰጡን እናት በር ላይ ቆመው ከእግር እስከ ራሳችን አዩንና ‹‹ዣንጥላ ሳትይዙ ጎሬ? ምን ነካችሁ ልጆቼ!›› አሉን። ልንመልስላቸው ስንል ቆርቆሮው ላይ ወረደ። እኛ አዲስ አበባ ላይ ‹‹ዝናብ›› የምንለው ነገር ሌላ ስም ሊፈለግለት እንደሚገባ ያን ሌሊት ተስማማን።

ቁጥሩም ያው ነው የሚለው። ጎሬ በዓመት 2000 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ታገኛለች። አዲስ አበባ 1200 ሚሊ ሜትር ቢደርሳት ነው። ፊልም ላይ ሁልጊዜ ዝናብ የሚዘንብባት ለንደን ደግሞ 600 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ! 2000 ሚሊ ሜትር ማለት የዓመቱ ዝናብ ሳይፈስ፣ ሳይሰርግና ሳይተን ባለበት ቢጠራቀም ቁመቱ 2 ሜትር ይሆናል ማለት ነው። ከመካከላችን ረጅሙን ልጅ ከነባርኔጣው ይውጠዋል።

ይህ ሁሉ ውሃ ታዲያ ከየት ይመጣል? ትምህርት ቤት ደጋ፣ ወይና ደጋ፣ ቆላ ብለው ሸምድደን ፈተና ላይ አራግፈነዋል። ያላስተዋልነው ግን እነዚህ ሦስቱ እንደ ፎቅ ቤት የተደራረቡ መሆናቸውንና ደረጃውን አየሩ ራሱ እንደሚወጣው ነው። ከአትላንቲክ ውቅያኖስና ከኮንጎ ደኖች እርጥበት ተሸክሞ የሚነሣ ነፋስ በደቡብ ሱዳን ሜዳ ላይ የሚያግደው ነገር ሳያገኝ ይመጣና የኢሉባቦር ገደል ይገጥመዋል። ጋምቤላ 500 ሜትር ከፍታ ላይ ናት፣ መቱ 1600 ገደማ፣ ጎሬ 2000 ገደማ። ሦስቱም 200 ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ውስጥ ናቸው። ነፋሱ ማለፍ ከፈለገ መውጣት አለበት። ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ በየ1000 ሜትሩ 6 ዲግሪ ተኩል ያህል። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ብዙ ውሃ መሸከም አይችልም፤ ሸክሙን እዚያው ያራግፋል። የሚያራግፈው ጎሬ ላይ ነው።

የወራቱም ነገር እንዲሁ ነው። የዝናቡ ቀበቶ ፀሐይን ተከትሎ ከደቡብ ወደ ሰሜን ሲወጣ ይህችን ምድር ቀድሞ ያገኛታል፣ ሲመለስም መጨረሻ ላይ ይለቃታል። ስለዚህ እኛ ‹‹በልግ›› እና ‹‹ክረምት›› ብለን የምንለያያቸው ሁለት ዝናቦች እዚያ ተገናኝተው አንድ ይሆናሉ፤ ከመጋቢት እስከ ጥቅምት፣ አንዳንዴም እስከ ኅዳር። የአካባቢው ሰው ዘመኑን ቦና፣ አርፋሳ፣ ገና፣ ቢራ ብሎ ይከፍለዋል። ‹‹ገና›› ክረምቱ ነው። እኛ ደግሞ ‹‹ገና ነው›› ስንል አላለቀም ማለታችን ነው። ሁለቱ ቋንቋዎች ጎሬ ላይ ሳይመካከሩ ተስማምተዋል።

ያው ነፋስ ወደ ሰሜን ምሥራቅ እየሄደ ይሳሳል። አፋር ሲደርስ ባዶ እጁን ነው። አንድ አገር ውስጥ ከባሕር ወለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ በረሃና ከ4500 ሜትር በላይ የወጣ ራስ ዳሸን አለን፤ ‹‹የኢትዮጵያ የአየር ንብረት›› እያልን በነጠላ ቁጥር ማውራታችን ራሱ ይገርማል። መሐል አገር ተቀምጦ ስለ ዳር አገር የሚወስን ሰው ሲሳሳት ብዙ ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ካርታው ጠፍጣፋ ወረቀት ነው፣ ከፍታ አያሳየውም። ኢሉባቦር ላይ ይህ ስሕተት ቢያንስ ሁለት ጊዜ ሕይወት አስከፍሏል።

18 ቀን

ዓድዋ ገና ትኩስ ነበር። እንግሊዝ ከካይሮ እስከ ደቡብ አፍሪካ፣ ፈረንሳይ ደግሞ ከምዕራብ እስከ ምሥራቅ አፍሪካን ሊቆርጡ ይሽቀዳደማሉ። መስመሮቹ የሚገናኙት ነጭ ዓባይ ላይ፣ ፋሾዳ በምትባል ቦታ ነው። ፈረንሳዮች ሻለቃ ማርሻንን በኮንጎ በኩል ላኩ፤ ከምሥራቅ ደግሞ በኢትዮጵያ በኩል ሌላ ቡድን እንዲቀበለው አሰቡ። የመጀመሪያው ሙከራ፣ የቦንሻን ቡድን፣ ከጎሬ ወርዶ በታኅሣሥ 1890 ዓ.ም. ሶባት ረግረግ ውስጥ ጀልባና ስንቅ አጥቶ ተመለሰ።

ምኒልክ የራሳቸው ስሌት ነበራቸው፤ የግዛታቸውን ወሰን ነጭ ዓባይ ድረስ ይሉ ነበር። ስለዚህ የኢሉባቦሩን ገዢ ደጃዝማች ተሰማ ናደውን (በኋላ ራስ ቢትወደድ፣ የልጅ ኢያሱ ሞግዚት) በሺዎች ከሚቆጠር ሠራዊት ጋር ወደ ምዕራብ ላኳቸው። አብረዋቸው ሁለት አውሮፓውያንና ኮሎኔል አርታሞኖፍ የሚባል ሩሲያዊ ነበሩ። ሠራዊቱ ከጎሬ ቁልቁል ወረደ።

እስቲ አስቡት። ጋቢ ለብሶ እሳት ሲሞቅ ያደገ ደገኛ በጥቂት ቀናት ውስጥ 1500 ሜትር ወርዶ 40 ዲግሪ ወደሚደርስ ሙቀት ይገባል። ወባን ሰውነቱ አያውቃትም። በቅሎውን ገንዲ ይጨርሳታል። የሚበላውን ይዞ ካልሄደ አገሩ የሱን እህል አያበቅልም። ሠራዊቱ በንዳድና በረኃብ እየሳሳም ቢሆን ሰኔ 1890 ዓ.ም. ሶባት ከነጭ ዓባይ የሚገናኝበት ደረሰ። ባንዲራ ተተከለ። የፈረንሳይን ባንዲራ ደሴቱ ላይ የተከሉት ወንዙን በዋና የተሻገሩት ሩሲያዊና ኮሳኮቹ ነበሩ። (ከዚህ የበለጠ የተቀላቀለ የዲፕሎማሲ ትዕይንት ካወቃችሁ ንገሩን።)

ከዚያ መቆየት አልተቻለም። ክረምቱ መግባቱ ነው፤ ሜዳው ወደ ሐይቅነት ሊለወጥ ነው። ተመለሱ። ማርሻን ፋሾዳ የደረሰው የተሰማ ሰዎች ከደረሱ ከ18 ቀን በኋላ ነው። በመስከረም የእንግሊዙ ኪችነር በመርከብ መጣ፣ ሁለቱ ኃያላን ለጦርነት ተፋጠጡ፣ ፈረንሳይ ለቀቀች። ማርሻንም በሶባትና በባሮ ሽቅብ ተጉዞ፣ በጎሬ በኩል አዲስ አበባ ገብቶ በጅቡቲ ወጣ። እሱ ያንን መንገድ የወጣው በበጋ ነበር።

የተሰማ ሰዎች ሦስት ሳምንት ቢቆዩ ኖሮ የዛሬው ድንበር ይለወጥ ነበር ወይ? እኛ እንጃ፤ ‹‹ቢሆን ኖሮ›› ታሪክ አይደለም። እኛን የሚያስቆጨን ሌላ ነው። የዓድዋን ተራሮች ስም እያንዳንዱን እናውቃለን፣ ሶባት አፍ ላይ ደርሶ የተመለሰውን ሠራዊት ግን አናውቀውም። ጠላት አላሸነፈውምና ዘፈን አልወጣለትም።

ውሃው የሚሞላበት ወር

ተሰማን የመለሰው ውሃ ከጥቂት ዓመት በኋላ ለሌላ ሥራ ተፈለገ። ባሮ ለመርከብ የሚመች ብቸኛው ወንዛችን ነው። ግንቦት 1894 ዓ.ም. በተፈረመው ውል ምኒልክ ባሮ ዳር ከ400 ሔክታር ያልበለጠ ቦታ ለንግድ ጣቢያ ለእንግሊዝ-ግብፅ ሱዳን አከራዩ። ውሉ ላይ የተጠቀሰው የኢታንግ አካባቢ ቢሆንም ጣቢያው የቆመው ጋምቤላ ነው። ከካርቱም መርከብ ይመጣል፤ ጨርቅ፣ ጨው፣ ዕቃ ያራግፋል፤ ቡና ጭኖ ይመለሳል። ጎሬም ግሪኩ፣ ሶሪያዊው፣ አርመናዊው ሱቅ የከፈቱባት፣ የእንግሊዝ ቆንስላ የተቀመጠባት ከተማ ሆነች። አዲስ አበባ ባቡር ሳይገባ (የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው) ጎሬ የባሕር ማዶ ዕቃ ይታይባት ነበር።

ግን የአየር ንብረቱ እዚህም ጣልቃ ይገባል። መርከቡ የሚመጣው ባሮ ሲሞላ ነው፤ ከሰኔ እስከ ጥቅምት አካባቢ። ቡና ደግሞ የሚለቀመውና የሚደርቀው ዝናቡ ሲያባራ ነው፤ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ። ቡናው ሲደርስ ወንዙ ጎድሏል፤ ወንዙ ሲሞላ ከጎሬ በቡሬ አድርጎ የሚወርደው የበቅሎ መንገድ ጭቃ ነው። ነጋዴ መሆን ማለት ቡናን በበጋ አውርዶ መጋዘን ውስጥ አስቀምጦ ጎሬ ላይ እስኪዘንብ መጠበቅ ነበር። ደጋው ላይ የሚወርደውን ዝናብ እያሰበ ቆላ ተቀምጦ የሚጸልይ ነጋዴ! ውሉ ያከተመው ሱዳን በታኅሣሥ 1948 ዓ.ም. ነጻ ስትወጣ ነው።

ስለ ዓባይ ስንጨቃጨቅም ባሮን እንረሳዋለን። አስዋን ከሚደርሰው ውሃ 86 በመቶው ከኢትዮጵያ ይሄዳል እንላለን፤ ከዚያ 86 ውስጥ 14 ያህሉ የባሮ-አኮቦ ድርሻ ነው። የጎሬ ቆርቆሮ የሚያፈስሰው ሶር፣ ሶር ወደ ገባ፣ ገባ ከብርብር ተገናኝቶ ባሮ። መቱ አጠገብ ሶር ላይ በ1980ዎቹ መጀመሪያ የቆመች 5 ሜጋ ዋት የምታመነጭ ጣቢያ አለች። የህዳሴው ግድብ ሺህ እጥፏ ነው፤ ዘፈኑም በዚያው ልክ።

ክረምት የጠበቃት ዋና ከተማ

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ አዲስ አበባን ለቀቁ፣ በሦስተኛው ቀን ጣሊያን ገባ። መማሪያ መጽሐፋችን ከዚያ ቀጥታ ወደ አርበኞች ይሄዳል። መሐል ላይ ግን ስድስት ወር የቆየ አንድ የኢትዮጵያ መንግሥት ነበረ፤ መቀመጫውም ጎሬ ነበር። ቢትወደድ ወልደ ጻድቅ ጎሹ የሚመሩት ጊዜያዊ አስተዳደር ነው። ራስ እምሩም ከጎጃም አፈግፍገው የመጡት ወደዚያው ነው።

ለምን ጎሬ? ሱዳን ቅርብ ናት፣ ቆንስላው አለ፣ ጣሊያን ሩቅ ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ወሩ ግንቦት ነው! የጣሊያን ካሚዮን በኢሉባቦር ጭቃ ሐምሌን አያልፍም። ያን ክረምት ጣሊያን አዲስ አበባ ላይ ራሱ በአርበኞች ተከቦ ከረመ። በሰኔ ነቀምቴ አጠገብ ቦነያ ላይ ያረፉት አውሮፕላኖቹ ነደዱ፣ መኮንኖቹም አለቁ፤ የጥቁር አንበሶች ሥራ ነው። ጎሬን ግን በዚያ ጭጋግ ውስጥ ማንም አልደረሰባትም። መትረየስ የጎደለውን መንግሥት ደመና ሲጠብቀው ከረመ።

ደመና ግን ይገለጣል። ጥቅምት ላይ መንገዱ መድረቅ ሲጀምር ዓምዶቹ ተንቀሳቀሱ፤ ኅዳር 1929 ዓ.ም. ጎሬ ተያዘች። በታኅሣሥ ራስ እምሩ ጎጀብ ወንዝ ዳር ተከበው እጅ ሰጡ። የጎሬው ጳጳስ አቡነ ሚካኤል ለጣሊያን አልገዛም ብለው በጥይት ተገደሉ። የአቡነ ጴጥሮስን ሐውልት በየቀኑ በታክሲ እያለፍነው እናያለን፤ አቡነ ሚካኤልን ግን እኛ ስማቸውን የሰማነው ጎሬ ሄደን ነው። እናፍራለን።

በ1970 ዓ.ም. ገደማ ዋና ከተማነቱ ከጎሬ ኮረብታ ወርዶ ሶር ሸለቆ ውስጥ ላለችው መቱ ተሰጠ። ዛሬ መቱ ዩኒቨርሲቲ አላት፣ ባጃጅ አላት፣ ወጣት አላት። ጎሬ ጭጋጓን ይዛ ቀረች።

ሁለተኛው ቁልቁለት

ከተሰማ ዘመቻ ወደ 90 ዓመት አለፈና መንግሥት ሰዎችን በዚያው ቁልቁለት እንደገና አወረደ። በ1977ቱ ድርቅ ጊዜ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ 600,000 የሚጠጉ ሰዎች ወደ ምዕራብ እንዲሰፍሩ ተደረገ፤ ከዋናዎቹ መድረሻዎች አንዱ ጋምቤላን ጨምሮ የያኔው ኢሉባቦር ክፍለ ሀገር ነበር። ሐሳቡ ወረቀት ላይ አያስጠላም። እዚያ ዝናብ የለም፣ እዚህ ሞልቷል። ሚሊ ሜትሩን ያየ ሰው ሜትሩን ግን አላየም። ደጋ ሥር የተወለደ ገበሬ ንዳድ አገር ተጣለ፣ የሚያውቀው ጤፍና ገብስ የማይሆንበት፣ ቤተሰቡም ከሁለት የተከፈለ። ብዙ ሰው በበሽታ አለቀ። የደረሱበት አገር ሰዎችም ጫካቸው ሲመነጠር ‹‹ትፈቅዳላችሁ ወይ?›› ብሎ የጠየቃቸው አልነበረም። ሰፋሪዎቹን መውቀስ ቀላል ነው፤ እነሱም ግን አልተጠየቁም።

ጫካው የዋዛ ነገር አይደለም። ደን ዝናቡን በሥሩ ይዞ ቀስ ብሎ ይለቀዋል፤ በቅጠሉ በኩልም መልሶ ወደ ሰማይ ይልከዋል። ጥላው ሥር ደግሞ ማንም ሳይተክለው የበቀለ ቡና አለ፤ ዓለም የሚጠጣው አረቢካ የዘር ቤቱ ይህ ምዕራባዊ ደን ነው። ዩኔስኮ ያዩን ከከፋ ጋር በ2002 ዓ.ም. የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ብሎ መዘገበ። ብዙ ሳይቆይ እዚያው ያዩ ላይ በድንጋይ ከሰል የሚሠራ የማዳበሪያ ፋብሪካ ተጀመረ፤ በታሰበው ጊዜ ሳያልቅ ቀረ። ከሰሉ ራሱ ከሚሊዮኖች ዓመታት በፊት የተቀበረ ጫካ ነው። አንዱን ጫካ ለማውጣት ሌላውን መነካካት ማለት ይህ ነው። በ2005 ዓ.ም. መግቢያ የታተመ የኪው ዕፅዋት ማዕከልና የኢትዮጵያውያን ተመራማሪዎች ጥናት ደግሞ፣ ሙቀቱ በዚሁ ከቀጠለ በዚህ ምዕተ ዓመት መገባደጃ ለጫካ ቡና ከሚስማማው ቦታ ቢያንስ 65 በመቶው ሊጠፋ ይችላል ብሏል። ቡና ሲሞቀው እንደ ሰው ወደ ላይ መውጣት ይፈልጋል። ከጎሬ በላይ ግን ብዙ ‹‹ላይ›› የለም።

በሦስተኛው ቀን ማደሪያ የሰጡንን እናት ዝናቡ መቼ እንደሚያባራ ጠየቅናቸው። ‹‹ድሮ እነግራችሁ ነበር›› አሉን። ‹‹አሁን እሱም እንደናንተ ሳይነግር ነው የሚመጣው።›› ቡና አፍልተው ሦስተኛውን ሳንጠጣ አልለቀቁንም።

ከዚያ ወደ ጋምቤላ የሚወርድ መኪና ያዝን። ጎሬ ላይ ሹራብ ደርበን ነበር የተሳፈርነው። ቡሬን አለፍ ስንል ሹራቡን አወለቅን፣ ትንሽ ቆይቶ መስኮት ተከፈተ፣ ከዚያ ረዳቱ ሸሚዙን ፈትቶ ‹‹አሁን ገና መጀመሩ ነው!›› ብሎ ሳቀብን። ጋምቤላ ድልድዩ ላይ ወርደን ባሮን አየነው፤ ቡናማ፣ ሙሉ፣ ቅርንጫፍና ቅጠል ተሸክሞ ወደ ምዕራብ ይሄዳል። ስንት ሌሊት ጎሬ ቆርቆሮ ላይ ሲያንኳኳ የነበረው ውሃ ቀድሞን ደርሷል።